እንግዳው ሽንፈቱ ነው ወይስ ድሉ?

ብሔራዊ ቡድናችን አንገት ያስደፋን ሽንፈት በገጠመው ማግስት ሲያሸንፍ የሚነሣው ክርክር ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው። አንዱ ወገን ዋልያዎቹ ተመልሰዋል፣ ከእንግዲህ የሚያቆማቸው የለም ይላል። ሌላው ደግሞ በአንድ ጨዋታ መፈንጠዝ የዋህነት ነው፣ ነገ ያው ናቸው ብሎ ቀዝቃዛ ውሃ ይቸልስበታል። ሙቀቱ ለሳምንት ያህል ይቆይና ቀጣዩ ጨዋታ ሲደርስ አንደኛው ወገን «ብዬ ነበር» ይላል፤ ከዚያ ነገሩ እስከሚቀጥለው ሽንፈትና እስከሚቀጥለው ድል ይረሳል። ሁለቱም የሚሟገቱት ተስፋ ማድረግ ተገቢ ነው ወይስ አይደለም በሚለው ላይ ነው። እኔ ጥያቄው ራሱ ከመነሻው ተስቷል ባይ ነኝ። ደጋፊ ተስፋ ማድረጉ ጥፋት ሆኖ አያውቅም፤ ተስፋ የሌለው ደጋፊ ተመልካች እንጂ ደጋፊ ሊባል አይችልም። መጠየቅ ያለበት ሌላ ነው፦ በአንድ ሰሞን ከመጡት ከእነዚህ ሁለት ውጤቶች፣ ከሽንፈቱና ከድሉ፣ ለቡድኑ እንግዳ የሆነው የትኛው ነው? ሽንፈቱ እንግዳ ከሆነ ድሉ ወደ ቤት መመለስ ነው፤ ተስፋውም መሠረት አለው። ድሉ እንግዳ ከሆነ ግን እንደ እንግዳ በክብር ልንቀበለው፣ ከየት እንደመጣና ምን ቢደረግለት እንደሚሰነብት ልንጠይቀው ይገባል። ገና በሩን ሲረግጥ የቤቱ ባለቤት እሱ ነው ብሎ ማወጅ ቡድኑንም ደጋፊውንም ይጎዳል።

ከሽንፈት በኋላ የሚመጣ ድል ከሌሎች ድሎች ሁሉ ይበልጥ የሚያሳስተው የምንለካው ከትናንትናው ሐዘን አንጻር ስለሆነ ነው። ጉድጓድ ውስጥ የሰነበተ ሰው ደልዳላ መሬት ላይ ሲቆም ተራራ የወጣ ይመስለዋል። በዚህ ላይ እግር ኳስ ግብ የሚበዛበት ጨዋታ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2022 ኳታር ባስተናገደችው የዓለም ዋንጫ በ64 ጨዋታዎች የተቆጠሩት ግቦች 172 ነበሩ፤ በአንድ ጨዋታ ሦስት እንኳ አይሞሉም። ግብ እንዲህ ብርቅ በሆነበት ጨዋታ የአንድ ተከላካይ መንሸራተት፣ አንድ የዳኛ ፊሽካ፣ ቋሚውን ገጭቶ ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጪ የሚሄድ ኳስ የ90 ደቂቃውን ታሪክ ይቀይራል። ስለዚህ በጣም መጥፎ ከሆነ ጨዋታ ቀጥሎ የሚመጣው፣ ምንም ነገር ባይለወጥም፣ ብዙውን ጊዜ ይሻላል። መጥፎው ጨዋታ ያን ያህል የከፋው መጥፎ ዕድልም ስለታከለበት ነው፤ መጥፎ ዕድል ደግሞ በየጨዋታው አይደገምም። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ዳንኤል ካህነማን ከእስራኤል አየር ኃይል የበረራ አሠልጣኞች ጋር ሲነጋገር ያስተዋለው ይህንኑ ነበር። አሠልጣኞቹ ሠልጣኙን ሲቆጡት ቀጣዩ በረራ ይሻሻላል፣ ሲያመሰግኑት ይበላሻል ብለው ያምኑ ነበር፤ ካህነማን የተረዳው ግን በጣም የተበላሸም ሆነ በጣም ያማረ በረራ ቀጥሎ ወደ ተለመደው ደረጃ መጠጋቱ የማይቀር መሆኑን ነው። እኛም ከሽንፈት በኋላ አሠልጣኙን፣ ተጫዋቹን፣ ፌዴሬሽኑን እንቆጣለን፤ ድል ሲከተል ቁጣችን ሠራ እንላለን። ቡድኑ ወደ ተለመደው ቦታው ተመልሶ ሊሆን ይችላል። የተለመደው ቦታው የት እንደሆነ ሳይጠይቁ ግን የተስፋን ልክ ማወቅ አይቻልም።

ሊሎንግዌ፣ በአራት ቀን ልዩነት

ለዚህ ከግንቦት 28 እና ከሰኔ 2 ቀን 2014 ዓ.ም. የተሻለ ማስረጃ የለንም። ዋልያዎቹ ኮትዲቯር ላስተናገደችው የአፍሪካ ዋንጫ ማጣሪያ ሊሎንግዌ በሚገኘው የቢንጉ ብሔራዊ ስታዲየም ከማላዊ ተጫውተው 2 ለ 1 ተሸነፉ። በአራተኛው ቀን፣ እዚያው ስታዲየም፣ ግብፅን 2 ለ 0 ረቱ። ዳዋ ሆቴሳ በ21ኛው፣ ሽመልስ በቀለ በ40ኛው ደቂቃ አስቆጠሩ። ግብፅ ከአራት ወር በፊት በአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ በሴኔጋል የተሸነፈችው በመለያ ምት ብቻ ነበር። መሐመድ ሳላህ በጉዳት አልተሰለፈም፤ ይህ መነገር አለበት። ቢሆንም ያ ድል በዕድል የመጣ አልነበረም። በአሠልጣኝ ውበቱ አባተ የሚመራው ቡድን የሚታወቅበትን አጭር ቅብብል ሳይለቅ ተጫውቶ ነው ያሸነፈው፤ ለዓመታት በግብፅ ክለቦች የተጫወተው ሽመልስ ያስቆጠራት ሁለተኛዋ ግብም ጣዕሟ የተለየ ነበር። ያን ዕለት የተደሰተውን ሕዝብ ማንም ሊወቅሰው አይገባም።

ችግሩ ደስታው ሳይሆን ከደስታው የተነሣው መደምደሚያ ነው። ያን ሰሞን ገንኖ የተሰማው «ግብፅን ያሸነፈ ቡድን ማንንም ያሸንፋል» የሚል ስሌት ነበር። ጨዋታው የተደረገበትን ቦታ ግን ልብ ያለው ጥቂት ነው። ማላዊን የገጠምነው በእንግድነት፣ ግብፅን የገጠምነው በባለሜዳነት ነው ተብሎ ተመዘገበ፤ ስታዲየሙ ግን አንድ ነበር። የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን (ካፍ) የባሕር ዳር ስታዲየም መሥፈርቱን አያሟላም ካለ በኋላ ዋልያዎቹ የሜዳቸውን ጨዋታ በሰው አገር ማድረግ ጀምረው ነበር። በመስከረም 2014 መጨረሻ ባሕር ዳር ላይ ደቡብ አፍሪካን አስተናግደው 3 ለ 1 የተሸነፉት ዋልያዎች፣ በኅዳር መጀመሪያ ጋናን በሜዳቸው «ያስተናገዱት» ጆሃንስበርግ ላይ ነው። እንግዲህ ግብፅን ያሸነፈው ቡድን ሜዳ የሌለው፣ በባለሜዳነት የሚጫወትበትን ከተማ በየማጣሪያው ከጎረቤትም ከሩቅም የሚለምን ቡድን ነበር። በሰኔ 2 ምሽት ይህ ሁሉ አልተለወጠም። ውጤቱ ብቻ ነው የተለወጠው።

የሆነውን እናስታውስ። በመጋቢት 2015 ከጊኒ ጋር በተደረጉት ሁለት ጨዋታዎች 2 ለ 0 እና 3 ለ 2 ተሸነፍን፤ ሁለቱም የተደረጉት ሞሮኮ ውስጥ ነው። ብዙም ሳይቆይ አሠልጣኝ ውበቱ ከቡድኑ ጋር ተለያዩ። ከማላዊ ጋር የመልሱ ጨዋታ 0 ለ 0 አለቀ፤ ካይሮ ላይ ግብፅ 1 ለ 0 አሸነፈችን። ምድቡ ሲጠናቀቅ አንድ ድልና አንድ አቻ፣ አራት ነጥብ ይዘን መጨረሻ ነበርን። ያቺ የሰኔ ድል በስድስት ጨዋታ ውስጥ ብቸኛዋ እንግዳ ሆና ቀረች። ፍትሐዊ ለመሆን፣ ከዚያ ድል በኋላ ምንም ፍሬ አልታየም ማለት አይቻልም፤ በዚያው ክረምት ማብቂያ ሩዋንዳን በደርሶ መልስ 1 ለ 0 አሸንፈን በአገር ውስጥ ሊግ ለሚጫወቱ ተጫዋቾች ብቻ ለተዘጋጀው ቻን አልፈናል። አልጄሪያ ላይ ግን ከሞዛምቢክ 0 ለ 0፣ በአልጄሪያ 1 ለ 0፣ በሊቢያ 3 ለ 1 ሆነና ከምድቡ ተሰናበትን።

የተሸናፊዋን ግብፅ መንገድ ማየት ደግሞ ያስተምራል። በዚያ ሽንፈትና ጥቂት ቀናት ቆይቶ በደቡብ ኮሪያ በደረሰባቸው የ4 ለ 1 የወዳጅነት ጨዋታ ሽንፈት ምክንያት አሠልጣኝ ኢሃብ ጋላል በሥራው ሁለት ወር ያህል ብቻ ቆይተው ተሰናበቱ፤ ፖርቹጋላዊው ሩይ ቪቶሪያ ተተኩ፤ ቡድኑ ቀሪዎቹን ጨዋታዎች ሁሉ አሸንፎ በ15 ነጥብ ምድቡን መርቶ ጨረሰ። አሠልጣኝን በችኮላ ማሰናበት ትክክል ነበር ማለቴ አይደለም፤ ያ ልማድ ብዙ ቡድኖችን አፍርሷል። የምለው፣ ለግብፅ ያ ሽንፈት እንግዳ ስለነበረ አስደነገጣት። ለእኛ ድሉ እንግዳ ነበር፤ እኛን ግን አላስደነገጠንም፣ አረጋጋን እንጂ።

ጥቅምት 2005 ለምን ተለየ

ተቃራኒውንም አይተናል፣ ያውም አዲስ አበባ ላይ። በጳጉሜ 2004 ዋልያዎቹ ኻርቱም ሄደው በሱዳን 5 ለ 3 ተሸነፉ። አምስት ግብ ተቆጥሮበት የተመለሰ ቡድን ለአፍሪካ ዋንጫ ያልፋል ማለት ላይ ላዩን ሲያዩት ቅዠት ይመስላል። ጥቅምት 4 ቀን 2005 ዓ.ም. አዲስ አበባ ስታዲየም ላይ አዳነ ግርማና ሳላዲን ሰዒድ አስቆጥረው ሱዳን 2 ለ 0 ተሸነፈች፤ ድምር ውጤቱ 5 ለ 5 ሆኖ ኻርቱም ላይ ባገባናቸው ሦስት ግቦች ብልጫ ኢትዮጵያ ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ ተመለሰች። ያን ጊዜ ተስፋ ያደረገውን ሰው የዋህ ማለት የሚችል ማን ነው? ከሽንፈቱ በፊት ያለውን ያየ ሁሉ ተስፋው የቆመበትን መሬት ማሳየት ይችል ነበር። በ2004 ግንቦት ወር ማብቂያ የአሠልጣኝ ሰውነት ቢሻው ቡድን ለዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ደቡብ አፍሪካ ሄዶ 1 ለ 1 ተለያይቷል፤ በሳምንቱ መካከለኛው አፍሪካ ሪፐብሊክን አዲስ አበባ ላይ 2 ለ 0 አሸንፏል። ኻርቱም ላይ አምስት የተቆጠረበት ቡድን ራሱ ከሜዳው ውጪ ሦስት ግብ ማስቆጠር የሚችል ቡድን ነበር። እንግዳው አምስቱ ግብ ነበር።

የተከተለው ይህንን አረጋግጧል። በጥር 2005 ደቡብ አፍሪካ ላይ የዋንጫው ባለቤት ከነበረችው ዛምቢያ ጋር በ10 ተጫዋች ተጫውተን 1 ለ 1 ወጣን፤ ቀጥሎ በቡርኪና ፋሶ 4 ለ 0፣ በናይጄሪያ 2 ለ 0 ተሸንፈን ተመለስን። ብዙ ሰው ያኔ ነገሩ አበቃ ብሎ ነበር። ሁለት ወር ሳይሞላ ግን ቦትስዋናን አዲስ አበባ ላይ 1 ለ 0፣ በሰኔ ደቡብ አፍሪካን 2 ለ 1 አሸነፍን። ምንያህል ተሾመ በቅጣት መሰለፍ በማይገባው ጨዋታ በመሰለፉ ፊፋ ቦትስዋና ድረስ ሄደን ያገኘነውን ሦስት ነጥብ ነጠቀን፤ ዋልያዎቹ ጳጉሜ ላይ ብራዛቪል ሄደው መካከለኛው አፍሪካ ሪፐብሊክን 2 ለ 1 በማሸነፍ ምድቡን በ13 ነጥብ አንደኛ ሆነው ጨረሱና ለዓለም ዋንጫ የመጨረሻው ዙር ደረሱ። በዚያ ዙር በናይጄሪያ መሸነፋችን ያን ጉዞ አያሳንሰውም። በሁለት ዓመት ውስጥ ያ ቡድን ሦስት ጊዜ ወድቆ ሦስት ጊዜ ተነሥቷል፤ በየጊዜው የሚመለስበት የታወቀ ደረጃ ስለነበረው ነው። ሌላም ነበረው፦ ካታንጋና ሚስማር ተራ የሚባሉት የደጋፊ መቀመጫዎች የሚጮሁበት የራሱ ሜዳ። በዚያ ማጣሪያ የሜዳችንን ሦስቱንም ጨዋታዎች አሸንፈናል። ይህ ለስሜት ማሞቂያ የሚጠቀስ ዝርዝር አይደለም፤ ከ2014 ጋር ያለው ትልቁ ልዩነት እዚህ ላይ ነው።

«ደስታችንን አትንጠቁን»

ይህን ሐሳብ ሲሰሙ የሚቆጡ ደጋፊዎች አሉ፤ ቁጣቸውም ተራ አይደለም። የመጀመሪያው መልሳቸው ቤታችን እኮ የአሸናፊዎች ቤት ነው የሚል ነው። ኢትዮጵያ በጥር 1954 ዓ.ም. ግብፅን በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸንፋ የአፍሪካ ዋንጫን ያነሣች፣ ካፍን ከመሠረቱት አገሮች አንዷ፣ ይድነቃቸው ተሰማን ለአፍሪካ እግር ኳስ ያበረከተች አገር ናት፤ ስለዚህ እንግዳው ሽንፈቱ ነው፣ ድል ሲመጣ ወደ ራሳችን ተመለስን ይላሉ። ይህ ክርክር ያሳዝነኛል፣ ምክንያቱም ግማሹ እውነት ነው። የመንግሥቱ ወርቁና የሉቺያኖ ቫሳሎ ትውልድ ያገኘው ክብር የማንም ስጦታ አልነበረም። ይሁን እንጂ በዚያ ውድድር የተካፈሉት አራት ቡድኖች ነበሩ፤ ዋንጫው የተነሣው በሁለት ጨዋታ፣ በራሳችን ሜዳ ነው። ዛሬ በአፍሪካ ዋንጫ 24 ቡድኖች ይሳተፋሉ፤ ለመድረስ ብቻ ስድስት የማጣሪያ ጨዋታ ያስፈልጋል፤ ከ1974 ዓ.ም. ወዲህ እኛ የደረስነው ሁለት ጊዜ ብቻ ነው፣ በ2005 እና በ2014። የቡድን ቤቱ አያቶቹ የኖሩበት ሳይሆን ባለፉት ሃያና ሠላሳ ጨዋታዎች የኖረበት ነው። ታሪክ የሚያኮራውን ያህል የአሁኑን ልክ እንድንስት የሚያደርግ ከሆነ ለእነዚያ ጀግኖችም ውለታ አልዋልንላቸውም።

ሁለተኛው ተቃውሞ ይበልጥ ይከብዳል። ድል ራሱ ለቀጣዩ ድል ምክንያት ነው፣ በራስ መተማመን የሚመጣው ከማሸነፍ ነው፣ በማግስቱ የሚጠራጠር ሕዝብ የተጫዋቾቹን ወኔ ይሰልባል ይላል። አርጀንቲናን ይጠቅሳሉ። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2022 በሳዑዲ ዓረቢያ 2 ለ 1 ተሸንፋ ዓለም ሲስቅባት፣ ከአራት ቀን በኋላ ሊዮኔል ሜሲና ኤንዞ ፈርናንዴዝ ባስቆጠሯቸው ግቦች ሜክሲኮን 2 ለ 0 አሸነፈች፤ ከዚያ ዋንጫውን እስክታነሣ ማንም አላቆማትም። ልክ ነው፤ ከሜክሲኮው ጨዋታ በኋላ ተስፋ ያደረገ የአርጀንቲና ደጋፊ ትክክል ነበር። ትክክል ያደረገው ግን የሜክሲኮው ድል ብቻውን አይደለም። አርጀንቲና ሳዑዲን ከመግጠሟ በፊት 36 ጨዋታ ሳትሸነፍ ቆይታለች፤ ከዓመት ከአራት ወር በፊት የደቡብ አሜሪካን ዋንጫ ብራዚል ውስጥ ብራዚልን አሸንፋ ወስዳለች። ከ36 ጨዋታ በኋላ የመጣችው አንዲት ሽንፈት ናት እንግዳዋ። መተማመን ኃይል እንዳለው አልክድም፤ ከባዶ ግን አይነሣም።

እዚህ ላይ የራሴን ሚዛን የሚፈታተን አንድ ነገር መቀበል አለብኝ። አንዳንድ ጊዜ ድሉ እንግዳ ሆኖ መጥቶ ባለቤት ሆኖ ይቀራል። ብዙ ኢትዮጵያውያን የሚያውቁትን የአርሰናልን የ2021/22 (እ.ኤ.አ.) ውድድር ዘመን መጀመሪያ እንውሰድ። ሦስቱን የመክፈቻ ጨዋታዎች በብሬንትፎርድ 2 ለ 0፣ በቼልሲ 2 ለ 0፣ በማንቸስተር ሲቲ 5 ለ 0 ተሸንፎ፣ አንድም ግብ ሳያስቆጥር የሰንጠረዡ ግርጌ ላይ ነበር። አራተኛውን ጨዋታ እንደ እሱ ምንም ነጥብ ያልነበረውን ኖርዊችን 1 ለ 0 አሸነፈ። ውጤቱን ብቻ ያየ ሰው ይህ የሚያስፈነጥዝ አልነበረም ይላል፤ ትክክልም ነው። አሰላለፉን ያየ ሰው ግን ሌላ ነገር ያስተውል ነበር። በግቡ አሮን ራምስዴል በበርንድ ሌኖ ቦታ ቆሟል፤ ታኬሂሮ ቶሚያሱ በቀኝ መስመር የመጀመሪያ ጨዋታውን አድርጓል፤ ገብርኤል ማጋሌስ ከጉዳት ተመልሶ ከቤን ኋይት ጎን ተሰልፏል። ዘጠኝ ግብ ያስተናገደው የኋላ መስመር በሙሉ ማለት ይቻላል ሌላ ሆኗል። ከዚያ ድል ጀምሮ አርሰናል ስምንት የሊግ ጨዋታ አልተሸነፈም፤ ያን ዓመት አምስተኛ፣ በቀጣዩ ዓመት በ84 ነጥብ ሁለተኛ ሆኖ ጨረሰ። ስለዚህ እንግዳ ድል መኖሩ ተስፋ አስቆራጭ አይደለም። በሽንፈቱና በድሉ መካከል ምን ተለወጠ ተብሎ ሲጠየቅ ስም ሊጠራለት የሚችል መልስ ካለ ድሉ የሚሰነብትበት ቤት አለው። መልሱ «ልጆቹ ወኔያቸው ተመለሰ» ብቻ ከሆነ ግን ወኔ በመጣበት መንገድ ሊሄድም ይችላል።

ይህን ጥያቄ አለመጠየቅ ደጋፊን ብቻ ሳይሆን ሥራዬ ብለው የሚመሩትንም ያሳስታል። ማንቸስተር ዩናይትድ የ2023/24 ውድድር ዘመንን ስምንተኛ ሆኖ ጨረሰ፤ በፕሪሚየር ሊግ ዘመን እስከዚያ ድረስ ዝቅተኛው ደረጃው ነበር፣ ካስቆጠረው ይልቅ የተቆጠረበትም በልጦ ነበር። የመጨረሻው ጨዋታ ግን የኤፍኤ ዋንጫ ፍጻሜ ነበርና ማንቸስተር ሲቲን 2 ለ 1 አሸነፈ። 38 የሊግ ጨዋታዎች አንድ ነገር ተናገሩ፤ አንድ ጨዋታ ሌላ ተናገረ። ክለቡ በዚያ ክረምት የኤሪክ ቴን ሃግን ውል አራዘመ፤ ጥቅምት ሳይወጣ አሰናበታቸው፤ ዓመቱንም 15ኛ ሆኖ ጨረሰ። በዓለም ላይ ካሉት ሀብታም ክለቦች አንዱ፣ የመረጃ ባለሙያ ሳይቸግረው፣ ከሐዘን በኋላ በመጣ አንድ ደስታ ሊሳሳት ከቻለ የእኛ መሳሳት የሚገርም አይደለም። የእኛን የሚያከብደው ድግግሞሹ ነው።

ተስፋው የት ይቀመጥ?

ሊሎንግዌ በኪንሻሳ ተደግማለችና። በኅዳር 2017 ዓ.ም. ዋልያዎቹ በአፍሪካ ዋንጫ ማጣሪያ ታንዛኒያን በባለሜዳነት የገጠሙት ኪንሻሳ በሚገኘው የሰማዕታት ስታዲየም ነው፤ 2 ለ 0 ተሸነፉ። ኅዳር 10፣ በሦስተኛው ቀን፣ እዚያው ስታዲየም ውስጥ በእንግድነት ዴሞክራቲክ ኮንጎን 2 ለ 1 አሸነፉ። ኮንጎ አስቀድማ ማለፏን አረጋግጣ ነበር፤ እኛም አስቀድመን ወድቀን ነበር። ምድቡን የጨረስነው በአንድ ድል፣ በአንድ አቻ፣ በአራት ነጥብ፣ መጨረሻ ሆነን ነው። ከ2014ቱ ማጣሪያ ጋር ነጥቡ ያው፣ ደረጃው ያው፣ በአንድ ስታዲየም በባለሜዳነትም በእንግድነትም መጫወቱ እንኳ ያው። በዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ደግሞ መጋቢት 12 ሞሮኮ ላይ በግብፅ 2 ለ 0 ተሸንፈን፣ መጋቢት 15 ጂቡቲን 6 ለ 1 ስናሸንፍ እንደገና ተስፋው ነደደ፤ ከዚያች ጂቡቲ ጋር ከዘጠኝ ወር በፊት 1 ለ 1 ወጥተን እንደነበር ያስታወሰ ብዙ አልነበረም። በነሐሴ መጨረሻ ካይሮ ላይ ግብፅ እንደገና 2 ለ 0 አሸነፈችን። ከእነዚህ ድሎች መካከል አንዱንም አላናንቅም፤ ኪንሻሳ ላይ ኮንጎን ማሸነፍ ለማንም ቀላል አይደለም። እነዚህ ድሎች ተጫዋቾቹ ምን ማድረግ እንደሚችሉ አሳይተውናል፤ የሚጎድለው እነሱ ዘንድ ብቻ እንዳልሆነም አሳይተውናል። ለዚህም ነው ደጋፊው ተስፋውን በተጫዋቾቹ እግር ላይ ብቻ መጫኑ ፍትሕ የሚጎድለው የሚመስለኝ። ግብፅንና ኮንጎን ማሸነፍ የሚችሉ ልጆች በስድስት ጨዋታ አንዴ ብቻ ለምን ያሸንፋሉ? ይህ ጥያቄ በአሰላለፍ አይመለስም።

ደጋፊው ያልተገነዘበው ትልቁ ነገር የራሱ ጉልበት የሚበዛው መቼ እንደሆነ ነው። ስንሸነፍ እንጮኻለን፤ ጩኸቱ አሠልጣኙ ላይ ያርፋል፤ አሠልጣኙ ይሄዳል፤ ሌላ ይመጣል። ያ ጅብ ከሄደ የሚጮኽ ውሻ ነገር ነው። ስናሸንፍ ደግሞ ዝም እንላለን፣ መጠየቅ ደስታን ማደፍረስ ይመስለናልና። ብረት የሚቀጠቀጠው እንደጋለ ነው ይባላል፤ የጋለበት ሰዓት የድሉ ማግስት ነው። ባለሥልጣኑ ከቡድኑ ጋር ፎቶ ለመነሣት የሚቀርበው፣ የፌዴሬሽኑ አመራር ስልኩን በደስታ የሚያነሣው፣ ድርጅቶች ሽልማት የሚያውጁት ያን ጊዜ ነው። የሰኔ 3 ቀን 2014 ጋዜጦችና ራዲዮኖች፣ እነሱን የሚከታተለው ሕዝብም፣ ከግቦቹ ቀጥሎ የባሕር ዳሩን ስታዲየም ቢያነሡ ኖሮ፣ ካፍ የዘረዘረው ጉድለት የትኛው በስንት ወር ይሟላል ብለው ቢጠይቁ ኖሮ፣ ከሚቀጥለው ማጣሪያ በፊት ስንት የወዳጅነት ጨዋታ ተይዟል ቢሉ ኖሮ፣ በመጋቢት 2015 ጊኒን የምንገጥመው ሞሮኮ ላይ ባልሆነ ነበር ብዬ እርግጠኛ ሆኜ አልናገርም። ጥያቄው ግን መልስ ለመስጠት በሚያምር ሰዓት ይቀርብ ነበር።

በዚህ ሁሉ ላይ «ደጋፊ ምን አገባው፣ ሥራው ማጨብጨብ ነው» የሚል ይኖራል። አይመስለኝም። በ2005 የአዲስ አበባን ስታዲየም የሞላው ሕዝብ አምስት ግብ የተቆጠረበትን ቡድን ሊደግፍ ሲገባ ቡድኑን ያውቀው ነበር፤ የግንቦቱን የደቡብ አፍሪካ አቻ ውጤት፣ ኻርቱም ላይ የገቡትን ሦስት ግቦች ቆጥሮ ነው የገባው። ተስፋው ስሌት ነበረው፤ ስሌቱም ደስታውን አላቀዘቀዘበትም። ዋልያዎቹ እንደገና ተሸንፈው እንደገና ያሸንፋሉ፤ እግር ኳስ ነውና ይህ አይቀርም። ያን ዕለት ማታ ይጨፈር። በማግስቱ ጠዋት ግን ፌዴሬሽኑ ጋዜጠኞችን ሲጠራ፣ ስለ አስቆጣሪዎቹ ከሚጠየቀው ቀድሞ አንድ ጥያቄ ይቅረብለት፦ ቀጣዩን የሜዳችንን ጨዋታ የምናደርገው በየትኛው ከተማ ነው?